አሥራ ሦስት ብለው አዘዙ፣ ሠላሳ አድርጌ ላክሁ

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የ37 ዓመት ሴት ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ የምሠራው ግን ኮምቦልቻ ነው። ለውጭ አገር ሠራተኞች ቁርስና ምሳ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት ወጥ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። በእጄ ሙያ ማንም አያማኝም፤ እንግሊዝኛ ሲመጣ ግን አፌ ይተሳሰራል።

ትእዛዝ የምትቀበለው ልጅ ወልዳ ዕረፍት ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ ‹ምግቡንም ገበያውንም ታውቂዋለሽ፤ አንቺ በሷ ቦታ ግቢ፣ ደመወዝም ይጨመርልሻል› አለኝ። ለመሞከር ያህል ገባሁ። በሦስተኛው ቀን በስልክ ሳንዱች ታዘዘ። እኔ ‹ሰርቲ› ብዬ ሰማሁና ሠላሳ አዘጋጅቼ ላክሁ። ለካ ሰውዬው አሥራ ሦስት ኖሯል ያለው። አሥራ ሰባቱ ተመልሶ መጣ፣ ዋጋውም ከደመወዜ ተቆረጠ። ከገንዘቡ ይልቅ የከበደኝ አስተናጋጆቹ ‹ሠላሳ መጣች› እያሉ መሳቃቸው ነው።

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ‹እማ፣ እኔ ላስተምርሽ› ብላኝ አንድ ማታ ተቀመጥን። ‹ሃው ማች ኤግ› ስል ‹ሜኒ ነው የሚባለው፣ ደግሞ ኤግዝ በይ› እያለች እየደጋገመች ስታርመኝ ደብተሩን ዘግቼ ተነሳሁ። ባለቤቴ ‹አርፈሽ ወጥሽን ብትሠሪ ምን አለ› ይላል። የማታ ትምህርት ጠይቄ ነበር፤ ከሰዋስው ጀምሮ ስድስት ወር ይፈጃል አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል። እምቢ ልበል? ወይስ በዚህ ዕድሜ ቋንቋ ይገባል? — ዘ. ነኝ፣ ከደሴ»

እህቴ ዘ.፣ ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ሕመሞች ተደባልቀዋል፤ እስቲ እንለያያቸው። አንዱ የቁጥር ስህተት ነው፤ እሱ መድኃኒት አለው፣ ከታች እንመጣበታለን። ሌላው በባልደረቦችሽና በልጅሽ ፊት ያነስሽ መስሎ የተሰማሽ ነገር ነው። ለሥራ አስኪያጁ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ለራስሽ አንድ ጥያቄ መልሺ፦ ያ ቀን ሳይስቁብሽ ቢያልፍ ኖሮ፣ ይህን ሥራ ትፈልጊው ነበር? ወደ ወጥ ቤትሽ መመለስ የምትፈልጊው ድስቱና ምድጃው ስለሚያስደስትሽ ከሆነ «እምቢ» ማለት ምንም ነውር የለበትም። «ሠላሳ መጣች» የሚለውን ቃል ለመሸሽ ከሆነ ግን፣ ለሦስት ቀን ስህተት ስድስት ዓመት ያፈራሽውን አትክፈዪ። ሥራ አስኪያጁ አንቺን የመረጠው በስድስት ዓመቱ ነው፤ ዕቃው የት እንደሚገኝ፣ አንድ ኪሎ ሥጋ ለስንት ሰው እንደሚበቃ የምታውቂ አንቺ ነሽ። ይህን በሁለት ወር ማንም አይማረውም። የጎደለሽን እንግሊዝኛ ግን በሁለት ወር መማር ይቻላል፤ ምክንያቱም የሚያስፈልግሽ ከስልሳ የማይበልጡ ቃላትና ዐሥር ያህል ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። «እንግሊዝኛ አልችልም» ስትዪ ቋንቋውን በሙሉ እያሰብሽ ነው የምትፈሪው። ያንቺ ድርሻ አንድ ክፍል ነው፤ ምግብና ስፍር።

ስለ ተቆረጠው ገንዘብም ዝም ብለን አንለፈው። ከመጀመርሽ በፊት ስህተት ቢፈጠር ከደመወዝሽ እንደሚቆረጥ ነግረውሽ ነበር? ያሠለጠነሽ ሰውስ ነበር? ካልነበረ፣ ሥራ አስኪያጁን ብቻውን ስታገኚው በእርጋታ ጠይቂው። ቢመለስልሽ እሰየው፤ ባይመለስም ከአሁን በኋላ እንዴት እንደሚሆን ከመጀመርሽ በፊት ይታወቃል።

አሁን ወደ ሠላሳው እንምጣ። «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» ቋንቋው የእናታቸው የሆነ ሰዎችንም በስልክ ያምታታቸዋል። ችግሩ ከ13 እስከ 19 ባሉት ሰባት ቁጥሮችና ከ30 እስከ 90 ባሉት ሰባት ዐሥሮች መካከል ነው፤ ፎርቲን ከፎርቲ፣ ፊፍቲን ከፊፍቲ፣ ሲክስቲን ከሲክስቲ እያለ ይቀጥላል። 12 እና 20 ግን ስማቸው ስለሚራራቅ (ትዌልቭ እና ትዌንቲ) አያስቸግሩም። መምህራን ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምልክት ይህ ነው፦ ቁጥሩ ብቻውን ሲባል በአሥራዎቹ ላይ ድምፅ የሚጎላው መጨረሻው ላይ ነው፣ «ሰር-ቲይን»፤ በዐሥሮቹ ላይ ደግሞ መጀመሪያው ይጎላል፣ መጨረሻው ያጥራል፣ «ሰር-ቲ»። ይህ እውነት ነው፤ ግን ከቁጥሩ በኋላ ስም ሲከተል ጉላቱ ወደ ፊት ይሸሻል። «ሰርቲን ሳንድዊቺዝ» ሲባል መጀመሪያው ይጎላና ልክ «ሰርቲ» ይመስላል። ያን ዕለት ጆሮሽ የተሸወደው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀሪው ምልክት መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ናት፤ እሷን ደግሞ የስልክ መስመርና የማድቤት ጫጫታ በቀላሉ ይውጣታል።

ስለዚህ ጆሮሽን ብቻ አትመኚ። ቁጥሩን ወደ ነጠላ አኃዝ በትነሽ መልሰሽ ጠይቂ፦ «ዋን ስሪ፣ ኦር ስሪ ዚሮ?» አንድ-ሦስት ወይስ ሦስት-ዜሮ ማለትሽ ነው። ለ15 እና 50 «ዋን ፋይቭ፣ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ትያለሽ። ይህን ለመጠየቅ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ዐሥር ቃላት ብቻ ይበቃሉ፣ እነሱን ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ይዘሻቸዋል። ሲመልሱልሽ «ሌት ሚ ሪፒት» (ልድገመው) በይና ትእዛዙን ከላይ እስከ ታች መልሰሽ አንብቢላቸው። ይህን ማድረግ አለማወቅን አያሳይም። በትልልቅ ሆቴሎች ትእዛዝ የሚቀበል ሰው ሁሉ የታዘዘውን መልሶ ያነባል፣ የሥራው ደንብ ነው። ከዚያ «ፕሊዝ ሴንድ ሚ ኤ ሜሴጅ» ብለሽ ቁጥሩን በአጭር መልእክት አስልኪያቸው። በጽሑፍ 13 መቼም 30 አይሆንም።

ልጅሽ ያረመችሽ ነገር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ልትሰጪው የሚገባ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ ስለሆነ። እኛ አንድ «ስንት» አለችን። ስንት እንቁላል፣ ስንት ስኳር፣ ስንት ነው ዋጋው፣ ሁሉንም በእሷ እንጠይቃለን። «ብዙ» እና «ትንሽ»ም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ስንትን ለሁለት ይከፍላታል። «ሃው ሜኒ» ለሚቆጠር ነው፣ «ሃው ማች» ለማይቆጠር። «ሃው ማች ኤግ» ያልሽው አእምሮሽ ስላረጀ አይደለም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋሽ ያልነበረ አጥር ድንገት ስለገጠመሽ ነው።

ደግነቱ አጥሩ «ስንት» ላይ ባይኖርም በግሶቻችን ውስጥ አለ። እንቁላል ይቆጠራል፤ ዱቄት ይሰፈራል፤ ሥጋ ይመዘናል። አንቺ ማድቤት ውስጥ «ሁለት ፍሬ» የምትዪለት ነገር ሁሉ ወደ «ሜኒ» ይሄዳል፤ ሁለት ፍሬ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ ድንች፣ ሁለት ፍሬ ካሮት፣ ሁለት ፍሬ ብርቱካን። አንየን፣ ፖቴቶ፣ ካሮት፣ ኦሬንጅ፣ ቶሜቶ፣ ባናና፣ ኤግ እዚህ ዘንቢል ውስጥ ይገባሉ። «ሁለት ፍሬ ጨው» ብትዪ ራስሽ ትስቂያለሽ፤ እንግዲህ ጨው «ማች» ነው። ሶልት፣ ሹገር፣ ራይስ (ሩዝ)፣ ፍላወር (ዱቄት)፣ ኦይል (ዘይት)፣ ሚልክ፣ ዋተር፣ በተር (ቅቤ)፣ ሃኒ (ማር)፣ ሚት (ሥጋ) ሁለተኛው ዘንቢል ውስጥ ናቸው።

ይህ የፍሬ መለኪያ ከዐሥሩ ዘጠኙን ያስተካክልልሻል። የሚያሳስትሽን ግን ለይተሽ እወቂው፣ ከሁሉም በላይ ዳቦን። እኛ «ሁለት ዳቦ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ «ብሬድ»ን አይቆጥርም። ትልቁ ሙሉ ዳቦ «ኤ ሎፍ ኦቭ ብሬድ» ነው፣ ቁራጩ «ኤ ስላይስ ኦቭ ብሬድ»፣ ትንሿ ክብ ዳቦ ደግሞ «ሮል»፤ እሷ ትቆጠራለች፣ «ቱ ሮልዝ»። ቺክንም ሁለት ፊት አለው። «ኤ ቺክን» ሙሉዋ ዶሮ ናት፣ ያለ «ኤ» ሲባል የዶሮ ሥጋ ነው። አንድ ሰው «ራይስ ዊዝ ቺክን» ቢልሽ ሙሉ ዶሮ አላዘዘም። ቡናና ሻይም ጠረጴዛ ላይ ሲታዘዙ ይቆጠራሉ፣ «ቱ ኮፊዝ፣ ስሪ ቲዝ»፤ ስኒው በውስጠ ታዋቂ ገብቶ ነው። ገበያ ላይ በኪሎ ስትገዢው ግን ኮፊ መልሶ የማይቆጠር ይሆናል።

ሌላው ማሳሳቻ ዋጋ ነው። ዋጋ ሁልጊዜ «ሃው ማች» ነው፣ ዕቃው ቢቆጠርም ባይቆጠርም። «ሃው ሜኒ ኤግዝ?» ስንት እንቁላል ነው፤ «ሃው ማች አር ዚ ኤግዝ?» እንቁላሉ ስንት ብር ነው። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊያቸው። ደግሞ «ኪሎ» የሚለው ቃል ከገባ የምንቆጥረው ኪሎውን ነው፤ «ሃው ሜኒ ኪሎዝ ኦቭ ሹገር?» ይባላል፣ ስኳር ራሱ ባይቆጠርም። ሰው ሲቆጠርም «ፐርሰን» ቀርቶ «ፒፕል» ይሆናል፤ ትእዛዝ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ፎር ሃው ሜኒ ፒፕል?» (ለስንት ሰው?) የሚለውን ነው።

ስትጨነቂ መሸሸጊያ አለልሽ። «ኤ ሎት ኦቭ» (ብዙ)፣ «ሳም» (የተወሰነ) እና «ሞር» (ተጨማሪ) ለሁለቱም ዘንቢል ይሠራሉ። ኤ ሎት ኦቭ ሹገር፣ ኤ ሎት ኦቭ ኤግዝ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ሜኒ ነው ማች?» ብለሽ ዓረፍተ ነገር መሐል አትቁሚ፤ በእነዚህ እለፊ። ለ«ትንሽ» ግን ተጠንቀቂ፦ «ኤ ሊትል ሚልክ» ትንሽ ወተት አለ ማለት ነው፤ «ኤ»ን ከጣልሽና «ሊትል ሚልክ» ካልሽ የለም ለማለት የቀረበ ይሆናል። «ኤ ፊው» እና «ፊው»ም ለሚቆጠሩት እንደዚሁ ናቸው። አማርኛ እንደዚህ ዓይነት ፊደል ስም ፊት ስለማያስቀምጥ «ኤ»ን መጣል ይቀናናል፤ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፣ እዚህ ላይ ግን ትርጉሙን ይገለብጠዋል።

«ኤግዝ በይ» ያለችሽም ከዚሁ የሚመጣ ነው። እኛ ሁለት እንቁላል፣ ዐሥር ሳህን እንላለን፤ ቁጥሩ ብዛቱን ስለነገረን ስሙን አናበዛም። እንግሊዝኛ ቁጥሩ እያለም ስሙን ያበዛል። የመጨረሻዋ ድምፅ ሦስት መልክ አላት። ከክ፣ ከፕ፣ ከት በኋላ «ስ» ናት፣ ከፕስ፣ ፕሌትስ። ከአብዛኞቹ ሌሎች ድምፆች በኋላ «ዝ» ትሆናለች፣ ኤግዝ፣ ስፑንዝ፣ ቶሜቶዝ። ቃሉ ራሱ በስ፣ በሽ፣ በች ወይም በጅ ካለቀ «ኢዝ» ይጨመርበታል፣ ግላሲዝ፣ ዲሺዝ፣ ሳንድዊቺዝ፣ ኦሬንጂዝ። «ስፑን»ን «እስፑን» ብትዪ አትጨነቂ፣ ይሰማሉ። «ፕ»ን «ብ» እንዳታደርጊ ግን ቁራጭ ወረቀት ከከንፈርሽ ፊት ይዘሽ ተለማመጂ፤ «ፕሌት» ስትዪ ወረቀቱ መርገብገብ አለበት፣ ካልተንቀሳቀሰ «ብ» ብለሻል።

መያዣዎቹ ቀላል ናቸው፣ ቅርጹ አንድ ስለሆነ። እኛ «አንድ ብርጭቆ ውሃ» ብለን እናልፋለን፤ እንግሊዝኛ መሐል ላይ «ኦቭ» ያስገባል፣ «ኤ ግላስ ኦቭ ዋተር»። ሲበዛ የሚበዛው መያዣው ነው፣ «ቱ ግላሲዝ ኦቭ ዋተር»፤ ውሃው አይነካም። ኤ ከፕ ኦቭ ቲ፣ ኤ ቦትል ኦቭ ኦይል፣ ኤ ባግ ኦቭ ራይስ፣ ሃፍ ኤ ኪሎ ኦቭ ሚት (ግማሽ ኪሎ ሥጋ) እያልሽ ትቀጥያለሽ። ደርዘን ብቻ «ኦቭ» አይፈልግም፣ «ኤ ደዝን ኤግዝ» 12 እንቁላል ነው። ቃላቱን ከገለበጥሽ ትርጉሙም ይገለበጣል፦ «ኤ ከፕ ኦቭ ኮፊ» የተቀዳ ቡና ነው፣ «ኤ ኮፊ ከፕ» ግን ባዶ ስኒ። የውጭ አገር ሰው የምግብ አሠራር ጽፎ ቢሰጥሽ «ቲስፑን» የሻይ ማንኪያ ነው፣ 5 ሚሊ ሊትር፤ «ቴብልስፑን» የእኛ የሾርባ ማንኪያ ነው፣ 15 ሚሊ ሊትር። የአሜሪካኖቹ መስፈሪያ «ከፕ» ደግሞ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በቡና ስኒ ከሰፈርሽው ሊጡ ይበላሻል።

የገበያ ስሞችን ቃል በቃል አትመልሺያቸው። ነጭ ሽንኩርት «ጋርሊክ» ነው፤ «ዋይት አንየን» ካልሽ ልጣጩ ነጭ የሆነ ሌላ ሽንኩርት ነው የሚረዱሽ። ራሱ «ኤ ሄድ ኦቭ ጋርሊክ»፣ አንዷ ፍሬ «ኤ ክሎቭ ኦቭ ጋርሊክ» ትባላለች። ቀይ ሥር «ቢትሩት»፣ ስኳር ድንች «ስዊት ፖቴቶ»፣ ጥቅል ጎመን «ካቤጅ»፣ ቃሪያ «ግሪን ቺሊ» ነው። ዘይቱን «ጓቫ» ነው፤ ከዐረብ አገር ወይም ከቱርክ የመጣ ሰው «ዘይቱን» የሚለውን ቃል ከሰማ የወይራ ፍሬ ይጠብቃል። «ሆት» የሚለው ቃል ደግሞ ልክ እንደኛ «ያቃጥላል» ሁለት ነገር ነው፣ ትኩስም በበርበሬ የሚፋጅም። ስለ በርበሬው ለመጠየቅ «ስፓይሲ» በይ፣ ግራ አያጋባም። አንድ ቃል ግን ፈጽሞ በግምት አትለፊ፦ «አለርጂክ»። «አይ አም አለርጂክ ቱ…» ካለሽ ቀጥሎ የሚጠራው ምግብ ሰውነቱን ይጎዳዋል፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። አስጽፊው፣ ካልገባሽ የሚያውቅ ሰው ጥሪ፤ ምግቡ ይዘግይ።

ለማስተናገድ «ምን ልታዘዝ?» እንደምንለው፣ የእንግሊዝኛው ጨዋ አነጋገር «ዋት ዉድ ዩ ላይክ?» ነው። «ዱ ዩ ላይክ ቲ?» ካልሽ ሻይ በጠቅላላው ይወድ እንደሆነ መጠየቅሽ ነው፤ አሁን ልትቀጂለት ከሆነ «ዉድ ዩ ላይክ ሳም ቲ?» በይ። በጥያቄና በአሉታ ብዙ ጊዜ «ኤኒ» ይገባል፣ «ዊ ዶንት ሃቭ ኤኒ ሚልክ» (ወተት የለንም)፤ ስትጋብዢ ግን «ሳም» ይሻላል።

ሥራ አስኪያጁን ስታነጋግሪ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ሦስተኛ መንገድ አለሽ፦ «እቀበላለሁ፤ የመጀመሪያውን ወር ግን በቅጽ ልሥራ» በይው። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። የምግቡ ስም በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍበት፣ ብዛቱ በአኃዝ፣ የሚደርስበት ሰዓት፣ «ያለ» የሚባለው ነገር (ኖ ቺሊ፣ ኖ ሹገር)፣ እና የአለርጂ ቦታ። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊው፤ እነሱ «ዋን ኦክሎክ» ሲሉ የእኛ ሰባት ሰዓት ነው፣ በእኛ አንድ ሰዓት ልከሽ እንዳትገኚ። የስልክ ትእዛዝ በመልእክት ካልተረጋገጠ ምድጃ ላይ እንዳይወጣ አስወስኚ። ይህ ለድርጅቱም ይጠቅመዋል፤ አሥራ ሰባት ሳንዱች መመለሱ የእሱም ኪሳራ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ሰው አይተሻል፤ ብዙዎቹ ለእንግሊዝኛ እንዳንቺው እንግዳ ናቸው። ቅጹን እነሱም ይወዱታል።

አሁን ወደ ልጅሽ። ደብተሩን ዘግተሽ ስትነሺ እሷ ምን የተሰማት ይመስልሻል? ልታዋርድሽ አስባ ነበር ወይስ ያወቀችውን ልትሰጥሽ ቸኩላ? ትምህርት ቤት የተማረችበት መንገድ ማረም ስለሆነ፣ ማስተማር ማለት እሱ ይመስላታል። እንደገና ጥሪያትና ደንቡን አንቺ አውጪ፦ ዐረፍተ ነገሩን እስክጨርስ አታቋርጪኝ፤ በአንድ ማታ አንድ ነገር ብቻ አርሚኝ፤ ሃያ ደቂቃ ሲሆን እናቁም። በምላሹ አንቺም አንድ ነገር አስተምሪያት፣ እሷ ያንቺን ሽሮ ትማር። አንዱ ሌላውን ሲያስተምር ደረጃው ይስተካከላል፤ አንቺም ምድጃው አጠገብ ስትሆኚ ድምፅሽ ይመለሳል። አነጋገሩ እንዳይሳሳትባችሁ በስልኳ ላይ ካለ መዝገበ ቃላት የድምፅ ምልክቱን ተጭና ታሰማሽ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ብቻ ያዙ። ሰባቱን ጥንዶች እሷ እየቀያየረች ትጥራ፣ አንቺ በአኃዝ ጻፊ፤ ከሃያ ዐሥራ ስምንቱን ሳታገኚ ወደ ሌላ አትለፉ። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሳምንታት የሜኒና የማች ናቸው። ወረቀት ላይ አትሥሩት፤ ከገበያ የገዛሽውን ወለል ላይ ዘርግታ አንቺ ሁለት ቦታ ክፈዪው፣ እየከፈልሽ «ሃው ሜኒ» ወይም «ሃው ማች» በይ። ዳቦውን የት እንደምታስቀምጪ ትይሽ። ከዚያ መያዣዎቹ፣ ከዚያ የማስተናገጃ ዐረፍተ ነገሮች። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ልጅሽ ከሌላ ክፍል ሆና በስልክ ትዘዝሽ፣ አንቺ ቅጹን ሙዪ፤ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጊው፣ እውነተኛው ስልክም በጫጫታ መሐል ነው የሚመጣው። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ደግሞ ማታ የቀዳችሁትን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ስሚ። ደርሶ መልስ በቀን ከአንድ ሰዓት የማያንስ ትምህርት ያለ ክፍያ ታገኚያለሽ።

የማታውን ትምህርት ለጊዜው ተዪው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በሁለት ወር ውስጥ ከአንቺ ምድጃ አጠገብ አይደርስም። ሥራውን ከያዝሽ በኋላ ብትገቢበት የምትማሪው ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ባለቤትሽንም በክርክር ለማሳመን አትድከሚ። ምናልባት «አርፈሽ» ያለው ተቆርጦብሽ፣ ተከፍተሽ የመጣሽበትን ቀን አይቶ ይሆናል። እንደዚያ እንደሆነ ጠይቂው፣ ከዚያ «ሁለት ወር ታገሠኝ፣ ማታ ሃያ ደቂቃ ብቻ» በይው።

ዛሬ ማታ ራት ስትሠሪ ልጅሽን ወደ ማድቤት ጥሪያትና ሽንኩርቱን እያሳየሽ «ሃው ሜኒ?» ብለሽ ጀምሪ፣ ቀጥሎ የምግብ ዘይቱን እያነሳሽ «ሃው ማች?» በይ። ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለሽ ጽፈሽ ላኪልን፤ ቅጹን ስታዘጋጂ የምትጠራጠሪበት ቃል ካለም አብረሽ ላኪው፣ እናየዋለን።